ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል

የመኪናዎን የኋላ መብራት ከውጭ ቆመው ያዩት መቼ ነው? የፊቱን በየምሽቱ ያዩታል፤ መንገዱን የሚያሳይዎት እሱ ነውና። የኋላውን ግን የሚያየው ተከትሎዎት የሚመጣው የጭነት መኪና ሹፌር ብቻ ነው። መብራቱ መጥፋቱን ሳያውቁ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊነዱ ይችላሉ። እኛ ነድተናል፤ ያውም በጉም ውስጥ፣ ሁለት ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ ተኝተው።

ጊዜው ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። የባለቤቴ ዘመዶች ቆቦ ናቸው። ልጆቹ ሶለልን በዓይናቸው ይዩ፣ አያታቸውንም ይሳሙ ብለን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን። መኪናችን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት፣ ምናልባትም አባታችሁ የነዷት ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኋላዋ እንደ በር ወደ ላይ የሚከፈተው። ከእኔ ትዳር በዕድሜ ትበልጣለች።

ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበር መብራት አበራን። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ የፍጥነት መለኪያውን ማየት አቃተው። የፊት መብራቱ ደህና ይሠራል፤ ዳሽቦርዱ ግን ጨለማ ነው። ከኋላችን ያለ አንድ ከባድ መኪና ክላክሱን ሲያስጮህብን ቆይቶ ነበር፤ ትዕግሥት ያጣ ሹፌር መስሎን አጉረመረምን። ሰውየው ለካ የኋላ መብራት እንደሌለን እየነገረን ኖሯል።

ቁልቁለቱን ከጨረስን በኋላ ከአንድ መንገድ ዳር ቆምን። ያገኘነው ወጣት ፊውዙን ነቅሎ አየና ተቃጥሏል አለ። የነበረው 15 አምፔር ነው። እሱ እጅ ላይ የነበረው ደግሞ 30። «ይሄ ይሻላል፤ አይቃጠልባችሁም» ብሎ አስገባልን። መብራቱ በራ፤ አመስግነን፣ ከፍለን ሄድን። አሁን ሳስበው በዚያ ጉዞ ከሠራናቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ያ ምስጋና ነበር።

ወልድያ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የኋላውን በር ከፍተን የልጆቹን ሹራብ አወጣን፤ ዘጋን። ከዚያ ወደ ራያ ሜዳ ወረድን። መንገዱን የሚያውቅ ሰው የምለውን ይረዳል። ከተራራው ሲወርዱ ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዎታል፤ ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ፍጥነት ይጋብዛል። በነሐሴ ማሽላው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ከማሽላው ውስጥ ከብት ይወጣል፣ አህያ ይወጣል፣ አንዳንዴም ግመል። መብራት የሌለው ባጃጅም አይጠፋም። በዚህ መንገድ ላይ በሌሊት አለመታየት ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ጎብዬን አልፈን ወደ ሮቢት ስንቃረብ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከእንቅልፏ ነቃችና «እማዬ፣ ፕላስቲክ ይሸታል» አለች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና አንድ ነገር ልበላችሁ። መኪና ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ «እስኪ ከተማው ድረስ እንሂድ» አይባልም። ወዲያው ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ፤ መብራቱን ያጥፉ፤ ቁልፉን ይዝጉ። ልጆቹን ከአስፋልቱ ተቃራኒ በሆነው በር ያውርዱና ከመኪናው ራቅ አድርገው ያቁሙ። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ በአብዛኞቹ ቶዮታዎች 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ኔጋቲቩ የሚቀድመው በምክንያት ነው። ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቁልፍዎ የመኪናውን ብረት ከነካ እዚያው ሌላ ሾርት ይፈጥራሉ፤ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ኔጋቲቩ ከተፈታ ግን የሚነካ ቢነካ ምንም አይሆንም። ከኮፈኑ ሥር ጭስ እየወጣ ከሆነ ደግሞ ኮፈኑን በሰፊው አይክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ይነሣል። ያኔ ሥራው የእሳት ማጥፊያው ነው። በዱቄት የሚሠራው ትንሹ ጠርሙስ ለዚህ ቀን ነው የተገዛው፤ ውኃ አይጨምሩበት።

እኛ ጭስ አልነበረንም፤ ሽታ ብቻ። ባለቤቴ ባትሪውን ፈታ። አንድ መንገደኛ ሞተረኛ ወደ ሮቢት ሄዶ በአስፋልቱ ዳር የሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሺያን አመጣልን። ጠፍጣፋ የእጅ ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረዋል፤ በእጃቸው የያዙት ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ከሁለት ሽቦ ጋር የተያያዘ አንድ ተራ አምፖል ብቻ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው አምፖሉ ላይ ነበር። ሊያበሩበት መስሎኝ ነበር።

ፊውዙን ነቅለው በእጅ ባትሪያቸው አዩትና «ይህችን ማን ነው ያስገባላችሁ?» አሉ። ባለቤቴ የሆነውን ነገራቸው። «የፊተኛው ፊውዝ ተናግሮ ነበር፤ እናንተ አፉን ዘጋችሁበት» አሉት፤ ቁጣ የለበትም፣ ልጅን እንደመምከር ነው።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፤ በፊውዙ፣ በማብሪያውና በሽቦው አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ከአምፖሉ በኋላ መመለሻው የመኪናው የራሱ ብረት ነው፤ ባለሙያዎች ማሳ ይሉታል። ስለዚህ መኪናዎ ውስጥ የሚያዩት ላሜራ ሁሉ ኔጋቲቭ ሽቦ ነው ብለው ያስቡ። የፖዘቲቩ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት ከነካ ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ መድረስ አያስፈልገውም፤ በአቋራጭ ይመለሳል። ሾርት የሚባለው ይኸው ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ይህን ይመስላል። የኋላ ትንሿ መብራት 5 ዋት ናት፤ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር እንኳ አትወስድም። የፍሬን መብራት 21 ዋት ነው፤ ወደ 2 አምፔር ይጠጋል። የፊት መብራት ባለ 55 ዋቱ ከ5 አምፔር ያነሰ ይወስዳል። አቋራጭ ሲገኝ ግን የሚገታው አምፖል ስለሌለ ባትሪው በአሥርና በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ቀጭኑ ሽቦ እንደ ምድጃ ይግላል። ፊውዝ የተሠራው ይህ ከመሆኑ በፊት ራሱ ቀልጦ መንገዱን እንዲቆርጥ ነው። ልብ ይበሉ፤ ፊውዝ አምፖልን አይጠብቅም፤ ሽቦን ነው የሚጠብቀው። 15 አምፔር የተባለው ሽቦው የሚችለው ተለክቶ ነው። 30 ሲያስገቡ ከሁለቱ ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል። የሲጋራ ወረቀት ወይም የሽቦ ቁራጭ በፊውዝ ቦታ ማስገባትማ ጨርሶ ጠባቂውን ማባረር ነው። ጠፍጣፋዎቹ ፊውዞች ቀለማቸው ራሱ ይናገራል፤ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር። ከሰማያዊ ቦታ አረንጓዴ ካዩ አንድ ሰው ከእርስዎ በፊት «ይሻላል» ብሏል ማለት ነው።

የአምፖሉ ብልሃት

ወደ ሮቢት እንመለስ። ሰውየው ፊውዙን ካወጡ በኋላ አዲስ ፊውዝ አላስገቡም። በቦታው የዚያን አምፖል ሁለት ሽቦዎች አስገቡ፤ አንዱን በአንደኛው ጥርስ፣ ሌላውን በሌላኛው። ባትሪው ተመልሶ ታሰረ፤ መብራት ሲበራ አምፖሉ ቦግ አለ። «አያችሁ» አሉ። አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ከእሱ ወዲያ ያለው መንገድ ቀጥታ ብረት እየነካ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያስደስተኝ ልንገራችሁ። ፊውዝ እያስገቡ መሞከር በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ፊውዝ ያስበላል፤ ሾርቱ ያለበትንም ቦታ አይነግርም። ባለ 21 ዋት አምፖል ግን ምንም ያህል ሾርት ቢኖር ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ሽቦው አይግልም፤ አምፖሉም አይቃጠልም። እስኪጠፋ ድረስ ረጋ ብለው መፈለግ ይችላሉ። የሚጠፋበት ቅጽበት ሾርቱን ያገኙበት ቅጽበት ነው።

ቀጥሎ የጠየቁት ጥያቄ ከመሣሪያው የበለጠ ገረመኝ። «ሽታው ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ የነካችሁት ምንድን ነው?» ባለቤቴ ምንም አልነካንም አለ። እኔ ወልድያ ላይ የኋላውን በር ከፍተን መዝጋታችን ትዝ አለኝ። ሰውየው ወደ ኋላ ሄደው በሩን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ፊት ለፊት የተቀመጠው አምፖል ጠፋ፤ በራ፤ ጠፋ። ልጆቹ ሳቁ፤ ጨዋታ መስሏቸው።

ጥፋቱ ያለው በማጠፊያው ላይ ነበር። የታርጋውን መብራት የሚያበሩት ሽቦዎች ከጣራው ወደ በሩ የሚሻገሩት በዚያ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሲታጠፉ ኖረው ልባሳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዷ ሽቦ ራቁቷን ቀርታ የበሩን ጠርዝ ትነካ ነበር። የታርጋ መብራት፣ የኋላ ትንሽ መብራት፣ የፊት ፓርኪንግና የዳሽቦርድ መብራት በዚች መኪና በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት። ለዚህ ነው ዋሻው ውስጥ የፊት መብራቱ እየሠራ ዳሽቦርዱ የጨለመው። ምልክቱ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ነበር፤ ማንበብ አላወቅንም እንጂ።

እርስዎ ቢሞክሩት

በራስዎ ግቢ፣ በቀን ብርሃን፣ በቆየ መኪና ላይ ይህን መሞከር ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። የትኞቹ መብራቶች አብረው ጠፉ? የትኞቹ ይሠራሉ? አብረው የጠፉት ፊውዝ ይጋራሉ፤ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ያረጋግጥልዎታል። ከዚያ መቼ እንደሚቃጠል ይጻፉ። ማብሪያውን እንዳበሩ ወዲያው ከሆነ ነገሩ ቋሚ ነው፤ ቶሎ ይገኛል። ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ከሆነ በፍሬን መብራት መስመር ላይ ነው። ወደ ግራ ፍሬቻ ሲያሳዩ ብቻ ከሆነ የቀኙን ትተው ግራውን ይፈልጉ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ከሆነ የሚወዛወዝ ሽቦ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ የኋላ መብራቶቹን ክዳን ይክፈቱ፤ ውኃ የገባበት፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ የአምፖል መቀመጫ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠብቅዎታል።

(ስለ ፍሬቻ ካነሣን፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ ቀስት ማለት ነው። የጥንት መኪኖች ለመታጠፍ ከጎናቸው እንደ ክንድ ያለ ምልክት ያወጡ ስለነበር ስሙ ለእነሱ የተገባ ነበር። ማሳም ናስትሮም ካቻቢቴም ከዚያው የመጡ ናቸው። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።)

አምፖሉን በፊውዙ ቦታ ካስገቡ በኋላ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን የመኪናውን አምፖሎች በሙሉ ያውጡ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጤነኛ አምፖልም እኮ ወደ ማሳ የሚወስድ መንገድ ነው፤ መሞከሪያዎን ደብዘዝ አድርጎ ያበራዋል፤ እርስዎም ሾርት ያለ ይመስልዎታል። ሁሉም ወጥተው መሞከሪያው አሁንም ቦግ ካለ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ወይም የአምፖል መቀመጫው ላይ ነው። አሁን መስመሩን ይክፈሉት። ወደ ኋላ የሚሄደውን ማያያዣ ይንቀሉ። መሞከሪያው ጠፋ? ጥፋቱ ከኋላ ነው። አልጠፋም? ከፊት ወይም ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። እንዲህ እያሉ ግማሽ በግማሽ ሲቆርጡት አምስት ሜትር የነበረው ፍለጋ አንድ ክንድ ይሆናል። ያኔ ሽቦውን በእጅ እየነቀነቁ መሞከሪያውን የሚመለከት አንድ ልጅ ያቁሙ። ለዚህ ሥራ ልጅ ከቴስተር ይሻላል፤ «ጠፋ!» ብሎ ይጮኻል።

የት ይፈልጉ? ሽቦ የሚታጠፍበት፣ የሚፋተግበትና የሚሞቅበት ቦታ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የኋላ በር ማጠፊያ፣ ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ጋቢና የሚገባበት ቀዳዳ (የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ወድቆ ይሆናል)፣ ከምንጣፉ ሥር በበሩ ደፍ ላይ ያለው ብሎን፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለፈ ሽቦ። እኛ አገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መኪናው ተጋጭቶ ላሜራ ተሠርቶለታል? ሲመለስ በአዲሱ ላሜራና በአሮጌው መካከል የተቆነጠጠ ሽቦ መኖሩ የተለመደ ነው። በኋላ የተጨመረ ነገርስ አለ? ቴፕ፣ አላርም፣ የጉም መብራት፣ ለጌጥ የተሰካ ኤልኢዲ። እነዚህን የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካለው ሽቦ ላይ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ነው የሄደው። ናስትሮ ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ሙጫው ይቀልጣል፤ ይፈታል። ቆላ የሚመላለስ መኪና ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይጥም አትርሱ፤ እህል ያለበት ግቢ የቆመ መኪና ለአይጥ ሞቃት ቤት ነው፣ ሽቦ ትቆረጥማለች።

ሌላው የሽቦ ጠላት ራሱ አምፖሉ ነው። የፊት መብራት ደከመ ብለው ባለ 100 ዋት የሚያስገቡ አሉ። 100 ዋት ከ8 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሽቦውና መቀመጫው የተሠሩት ለግማሹ ነው። መቀመጫው ይቀልጣል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ። የፊት መብራትዎ ከደከመ መስታወቱን ያስወልውሉ፣ ማሳውን ያስጸዱ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ማሳን ካነሣን፣ ሾርት የሚመስል ግን ሾርት ያልሆነ ነገር አለ። ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ወይም ፍሬቻ ሲያሳዩ የኋላው ትንሽ መብራት አብሮ ይጨፍራል። ፊውዝ ግን አይቃጠልም። ይህ የማሳ መበላሸት ነው። ኤሌክትሪኩ በራሱ መንገድ መመለስ ሲያቅተው በጎረቤቱ አምፖል በኩል ይዞራል። መድኃኒቱ የማሳውን ብሎን ፈትቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ለዚህ ሲባል ሙሉ የሽቦ ዝርጋታ ይቀየር የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ሰው ይጠይቁ።

የአሮጌ ቶዮታ ባለቤት ከሆኑ ደግሞ ይህን ይወቁ። በብዙዎቹ የፊት መብራት ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። ስለዚህ ከአምፖሉ ወዲህ ያለው ሽቦ ብረት ቢነካ ፊውዝ አይቃጠልም፤ ይልቁንም ረጅሙ መብራት አልጠፋም ይላል። ፊውዝ ደህና ስለሆነ ሾርት የለም ማለት አይደለም።

ጥገናው ላይ አይቸኩሉ። የተላጠውን በናስትሮ ጠቅልሎ መመለስ ለሁለት ወር ነው። የደረቀው ቁራጭ ተቆርጦ ይውጣ፤ በውፍረቱ እኩል የሆነ አዲስ ሽቦ ይቀጠልበት፤ መገጣጠሚያው በብየዳ እርሳስ ተይዞ በሙቀት የሚሸበሸብ ሽፋን ይልበስ። ከዚያ ትክክለኛው አምፔር ያለው ፊውዝ ይገባል። አንድ ጊዜ በርቶ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ፣ ሽቦው በእጅ ሲነካ ካልሞቀ ሥራው አልቋል።

የማይነኩ ሽቦዎችም አሉ። ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ በአብዛኛው የኤርባግ ነው፤ በአምፖል መሞከር ሊያፈነዳው ይችላል። ቪትዝም ሆነ ከእሷ በኋላ የመጡት መኪኖች ኮምፒውተር አላቸውና በአምፖል የሚሞከረው ቀጥታ የመብራት መስመር ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ሽቦ ካዩ ደግሞ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ከፍተኛ ቮልት ነው፣ ይገድላል።

እኛ ያን ዓመት ዲኤክሷን ልንሸጣት አስበን ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ወጣ፤ ያገለገለ መኪና ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በአጭሩ፣ ብዙዎቻችን አሁን የያዝነውን ይዘን ለረጅም ጊዜ እንቆያለን፤ ሽቦውም ከእኛ ጋር ያረጃል። መኪናው ለቦሎ ምርመራ ሲቃረብ ብቻ መብራት ማየት ለዚህ ዕድሜ አይበቃም።

ያን ሌሊት ሮቢት ላይ ሥራው አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰውየው ሽቦውን ቀጥለው፣ 15 አምፔር ፊውዝ ከራሳቸው ጨምረው፣ ያን 30 አምፔሩን ለባለቤቴ መለሱለት። «ያዘው ወንድሜ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ግን» አሉት። ቆቦ ስንደርስ የልጆቹ አያት በር ላይ ቆመው ነበር።

ፊውዙ እስካሁን ኮሜዲና ላይ አለ። በመኪናው ኪስ ውስጥ ደግሞ የየቀለሙ ሁለት ሁለት ፊውዝ፣ አንድ ናስትሮ፣ 10 ቁጥር ቁልፍና ሁለት ሽቦ የተበየደበት ባለ 21 ዋት አምፖል ተቀምጧል። ከከተማ በወጣን ቁጥር ልጄ ከመኪናው ጀርባ ትቆማለች፤ አባቷ ከውስጥ ይረግጣል። «ትንሹ በርቷል! ፍሬን በርቷል! ግራ ፍሬቻ... አባዬ፣ ግራ ነው ያልኩህ!»